ነጋዴና ቤተ ሰቡ በአይሮፕላን ጣቢያ ማረፊያ

በቀድሞ ዘመን ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ በወገራ አልፎ፥ ደባርቅን ረግጦ፥ የሊማሊሞን ገደል ከመውረዱ በፊት ይሰፍር ነበር። በሰፈሩም ጭነቱን ያራግፋል፤ በቅሎውን ያሳርፋል፤ የኬላውን ቀረጥ ያሰላል፤ ወደ ኋላ የቀረውን ጓደኛውንም ይጠብቃል። ማን በየትኛው ድንኳን እንደሚያድር፥ ማን እሳት እንደሚያነድ፥ ማን ጭነት እንደሚጠብቅ ጉዞው ሳይጀመር ይታወቃልና፥ ማታ በድንኳን ደጃፍ ክርክር አይነሣም። ዛሬ የደባርቅና የዳባት ነጋዴ ዕቃ ለመግዛት ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንግዡ ሲነሣ፥ ሰፈሩ በቦሌ አይሮፕላን ጣቢያ ያለው የመንገደኞች ማረፊያ ሆኗል። ይኸውም በተለምዶ «ላውንጅ» የሚባለው ነው። የዚህ ሰፈር ደንብ ከአባቶች ሰፈር ደንብ ይልቅ የጠበቀ ሲሆን፥ ብዙ ነጋዴ ደንቡን የሚማረው ሚስቱንና ልጆቹን ከኋላው አሰልፎ በበሩ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረውም ቤተ ሰቡን ይዞ የሚጓዝ ነጋዴ ስለዚህ ማረፊያ ከቤቱ ሳይወጣ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ነው።

በመጀመሪያ፥ ማረፊያው ለምን እንደ ተሠራ መረዳት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ. ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ. ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ሲያደርግ፥ አይሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ነበሩ። መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱ በመካከል ይታሰራል። በአየር ላይ ማዕረግ ከሌለ በምድር ላይ የማዕረግ ማረፊያ ምን ያደርጋል? በ1955 ዓ. ም. የጄት አይሮፕላኖች መጥተው ሥራው ከልደታ ሜዳ ወደ ቦሌ ከተዛወረ በኋላ ግን መንገደኛው በዛ፤ ማዕረግም ተለየ። ቦሌ በጥር ወር 1995 ዓ. ም. አዲሱን የዓለም አቀፍ መንገደኞች ሕንፃ አገኘ፤ በጥር 2011 ዓ. ም. ደግሞ ሕንፃው እጅግ ሰፍቶ ተመረቀ። ዛሬ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያለው የመጠበቂያ ስፍራ ከአንድ የወረዳ ከተማ ገበያ የማያንስ ሕዝብ የሚተላለፍበት ነው።

የላውንጅ ሐሳብ የተጀመረው በአሜሪካ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1939 በኒው ዮርክ ላጓርዲያ ጣቢያ «አድሚራልስ ክለብ» ብሎ የሰየመውን ቤት ከፈተ። መግቢያው መጀመሪያ በጥሪ ብቻ ነበር፤ ማለት ኩባንያው ራሱ የመረጠው ሰው ይገባል፥ ያልመረጠው በውጭ ይቀመጣል። ኋላ የአባልነት ክፍያ ተተካ። ሌሎችም ኩባንያዎች ይህንኑ ተከተሉ። በደባርቅ ገበያ ያለ ባለ ሱቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ እርሱም ለቋሚ ደንበኛው በርጩማ ስቦ ሻይ ያስመጣለታል፤ የሻዩን ዋጋ ግን በጨርቁ ሜትር ውስጥ ያገኘዋል። በላውንጅም ውስጥ ያለው ምግብና ለስላሳ ወንበር በነጻ የተሰጠ ይመስላል እንጂ ዋጋው በቲኬቱ ውስጥ አስቀድሞ ተከፍሏል። የተከፈለውም ስሙ በቲኬቱ ላይ ለተጻፈው ለአንዱ ሰው ነው። ቤተ ሰብ የሚያዝንበት ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ለምሳሌ አንድ የደባርቅ ባለ ሱቅ በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ዱባይ እየሄደ በዴራ ገበያ ጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ ይመርጣል እንበል። በዚህኛው ጉዞ ሚስቱን፥ ሁለት ልጆቹንና ከደረስጌ የመጡትን አሮጊት እናቱን ይዞ ተነሣ፤ ታናሽ ወንድሙ በዱባይ የሚኖር በመሆኑ እናታቸው ልጃቸውን ካዩ ብዙ ዓመት አልፏል። ነጋዴው ሲመለስ ዕቃ ስለሚይዝ ለራሱ የቢዝነስ ማዕረግ ቲኬት ቈረጠ፤ ለአራቱ ግን ዋጋው ስለ ከበደው ተራውን ማዕረግ ገዛ። በልቡም፥ «የቤቱ ራስ እኔ ነኝ፤ እኔ ከገባሁ ቤተ ሰቤ ይገባል» ብሎ አሰበ። እናቱንም ገና በደባርቅ ሳሉ፥ «እማዬ፥ ከመሳፈርዎ በፊት ጥሩ ማረፊያ አለ፤ ቡናም በጀበና ይፈላል፤ አይሥጉ» ብሎ አጽናንቷቸዋል።

በቦሌ የሻንጣው፥ የፓስፖርቱና የፍተሻው ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ አምስቱም ወደ ማረፊያው በር ደረሱ። በበሩ ያለችው ሠራተኛ የመሳፈሪያ ወረቀቶቹን ተቀብላ አንድ በአንድ አየችና፥ «ጌታዬ፥ እርስዎ ይግቡ፤ ይህ ቲኬት ግን እንግዳ አያስገባም» አለችው። ሰውየው፥ «እንግዳ አይደሉም፤ እናቴና ልጆቼ ናቸው» ብሎ መለሰ። እርስዋም ይህን ቃል በየቀኑ የምትሰማው ነውና ደንቡን በትሕትና ደገመችለት። እናቱም፥ «ልጄ፥ እኛ ወዲህ እንቀመጣለን፤ አንተ ግባና ዕረፍ» አሉ። እናት እንዲህ ማለትዋ ዘወትር ስለሆነ እንደ ፈቃድ ሊቈጠር አይገባም። ልጆቹ በበሩ መስተዋት ውስጥ የተደረደረውን ምግብ ያያሉ፤ ሚስቱ ዝም ብላለች፤ ከኋላ ያለው ሰልፍም ይጠብቃል።

በዚህ ጊዜ ሠራተኛይቱን መቈጣት ትክክል አይደለም፤ በሌላ ሥራ ላይ ያለ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ራሱ የእርስዋን ነገር በደገፈ ነበር። ባንክ የመተማመኛ ሰነድ ሲመረምር በሰነዱ ላይ የተጻፈውን እንጂ የላኪውን መልካም ልብ አይመለከትም፤ በሰነዱ ላይ የሌለ ጭነትም አይከፈልበትም። የመሳፈሪያ ወረቀትም እንዲሁ ነው።

ደንቡ በግልጥ ሲነገር ይህ ነው። ወደ ላውንጅ የሚያስገባ መብት በሁለት መንገድ ይገኛል፤ አንደኛው በቲኬቱ ማዕረግ፥ ሁለተኛው በአባልነት ካርድ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 2004 ዓ. ም. ስታር አሊያንስ በተባለው የአየር መንገዶች ማኅበር ገብቷል። በዚህ ማኅበር የጋራ ደንብ የቢዝነስ ማዕረግ ቲኬት የሚያስገባው ባለ ቲኬቱን ብቻ ነው። ዘወትር በመመላለስ የወርቅ ደረጃ ያገኘ አባል ግን በተራ ማዕረግ ቢሳፈርም ይገባል፤ አንድ እንግዳም ማስገባት ይችላል። ይህም እንግዳ ራሱ ከዚያው ጣቢያ በማኅበሩ አየር መንገድ የሚሳፈር መሆን አለበት። እንግዲህ ብዙ ሰው ከሚገምተው በተቃራኒ፥ ርካሽ ቲኬት የያዘ የወርቅ አባል ሚስቱን ሲያስገባ፥ ውድ ቲኬት የያዘው ነጋዴ ማንንም አያስገባም። አየር መንገዶች እያንዳንዳቸው ከዚህ የሰፋ መብት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ስለ ሕፃናትም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ስለዚህ ቲኬት በሚቈረጥበት ዕለት «እኔ ስገባ ከእኔ ጋር ስንት ሰው ይገባል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። ጥያቄው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛም መንገድ አለ። በብዙ የዓለም ጣቢያዎች በሰው ቍጥር እያስከፈሉ የሚያስገቡ ማረፊያዎች ተከፍተዋል፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1992 የተቋቋመው ፕራዮሪቲ ፓስ የተባለው ካርድም በእንዲህ ያሉ ቤቶች ያገለግላል። በዚህም ቢሆን ካርዱ የአንድ ሰው ነው፤ አብሮት ለሚገባው ለእያንዳንዱ ሰው ሒሳብ ይታሰባል። አምስት ሰው ሆኖ ለአንድ ሰዓት ተኩል ዕረፍት አምስት ጊዜ ከመክፈል ይልቅ በሰፊው አዳራሽ ካለው ቡና ቤት ቡናና ዳቦ መግዛት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ ምሳሌው ነጋዴ እንመለስና፥ በበሩ ላይ ምን ቢያደርግ ይሻላል? ብቻውን ገብቶ በልቶ መውጣት መብቱ ነው፤ ነገር ግን በአዳራሽ የቀሩት ፓስፖርት አንብበው የማያውቁ እናት፥ ሁለት ልጆችና በጉዞ የደከመች ሚስት ናቸው። ሰሌዳ የሚከታተልላቸው፥ መጸዳጃ የሚያሳያቸው ሰው ያስፈልጋል። የላውንጁ ጥቅም ከዚህ ጋር ሲመዘን ያጣው አንድ ሳህን ምግብና አንድ ለስላሳ ወንበር ነው፤ ከቤተ ሰቡ ጋር ቢቀመጥ ይሻለዋል። ለእናቱም ከላውንጅ ይልቅ የሚጠቅማቸው ነገር ነበረ፤ ይኸውም ተሽከርካሪ ወንበር ነው። አየር መንገዶች ለአረጋውያንና ለሕሙማን በወንበር የሚገፋ ሠራተኛ ያዘጋጃሉ፤ ሠራተኛውም መንገደኛውን ከመግቢያው አንሥቶ በፍተሻውና በፓስፖርቱ መስኮት አሳልፎ እስከ አይሮፕላኑ በር ያደርሳል። ይህ አገልግሎት ቲኬት ሲቈረጥ ወይም ከጉዞው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በደረስጌ ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ እናት «እኔ ሽባ ነኝን?» ብለው እንዳይቀየሙ አስቀድሞ ማስረዳት ደግሞ የልጅ ፈንታ ነው።

መብቱ ኖሮት ቤተ ሰቡን ይዞ የገባ ሰውም ሊያስተውል የሚገባው ነገር አለ። በቦሌ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የቢዝነስ ማረፊያ ውስጥ የአገር ምግብ ይቀርባል፤ ቡናም በባህሉ ሥርዓት በጀበና እየተፈላ ይጠጣል፤ መተኛ ወንበርና መታጠቢያም አለ። ምግቡ ራስ በራስ የሚነሣ ስለሆነ ልጆች ሳህን እየሞሉ ሳይበሉ እንዲተዉት መፍቀድ ነውር ነው፤ በጾም ቀን የሚጾም ሰው የትኛው የጾም እንደሆነ ሠራተኞቹን ይጠይቅ። ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን ዕረፍቱ ራሱ ነው። በብዙ ላውንጆች የመሳፈሪያ ጥሪ በድምፅ አይነገርም፤ በሰሌዳ ላይ ብቻ ይጻፋል። የመሳፈሪያው በርም አይሮፕላኑ ከሚነሣበት ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል። በለስላሳ ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሰው አይሮፕላኑ ጥሎት ቢሄድ፥ የሻንጣው ከአይሮፕላኑ መውረድና የአዲስ ቲኬት ወጪ ይከተላል። ስለዚህ ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው በየተራ ሰሌዳውን እንዲመለከት መመደብ ይገባል፤ ለዚህ ሥራ ከልጆች የሚሻል የለም።

ስለ ሰዓት ሲነገር ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚሠራው በቦሌ ሳይሆን በደባርቅ ነው። የቲኬት ሰዓት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ነው፤ ዕለቱም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። ለምሳሌ በቲኬቱ ላይ «ረቡዕ 00:30» ተብሎ ቢጻፍ፥ በአገራችን አነጋገር ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ለዓለም አቀፍ ጉዞ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ የተለመደ ምክር ስለሆነ፥ መንገደኛው ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ በቦሌ መገኘት አለበት። «ረቡዕ» የሚለውን ብቻ አይቶ ረቡዕ ጧት ከጎንደር የሚነሣ ሰው ወደ ቦሌ ሲደርስ አይሮፕላኑ ከሄደ ሰዓታት አልፈዋል። የንግድ ጸሓፊ ቲኬቱ እጁ እንደ ገባ ቀኑንና ሰዓቱን በአገር አቈጣጠር ገልብጦ በአማርኛ ጽፎ ከቲኬቱ ጋር ቢያያይዘው፥ ለአሠሪው ከብዙ ደብዳቤ የሚበልጥ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

የመንገዱም ስሌት ከዚህ ይነሣል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከዳባት ደግሞ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጎንደር አይሮፕላን ጣቢያ ከከተማው በስተ ደቡብ በአዘዞ ስለሚገኝ ጎንደር ከገቡ በኋላም ገና መንገድ አለ። ጣቢያው በዐፄ ቴዎድሮስ ስም የተጠራ ነው፤ እርሳቸውም በየካቲት ወር 1847 ዓ. ም. ዘውድ የጫኑት በደረስጌ ማርያም ስለሆነ፥ የደረስጌዋ እናት ይህን ስም በጣቢያው ደጃፍ ሲሰሙ ጥቂት ሳይጽናኑ አይቀሩም። ከደረስጌ የሚመጣ ሰው አንድ ቀን አስቀድሞ ደባርቅ ቢያድር ይሻላል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣልና በክረምት ጧት ጉሙ መኪና ያዘገያል፤ የመንገዱን ደኅንነትም በዋዜማው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከጎንደር አዲስ አበባ በአይሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። የጎንደሩና የዱባዩ በረራ በአንድ ቲኬት ላይ ከተጻፉ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛውን ማስተካከል የአየር መንገዱ ፈንታ ይሆናል፤ ሻንጣውም እስከ መጨረሻው ተልኮ ሊሄድ ይችላል። በሁለት ቲኬት ከተገዙ ግን የመዘግየቱ ኪሳራ በመንገደኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ጥቂት ብር ለመቈጠብ ቲኬት የሚከፋፍል ሰው ይህን ይመዝን። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ላውንጁ ያለው ከፓስፖርት ቍጥጥር ወዲያ ነው። ስለዚህ ከጎንደር በ10 ሰዓት ቦሌ የደረሰ ቤተ ሰብ፥ የሌሊቱ በረራ ምዝገባ እስኪጀመር ድረስ የቢዝነስ ቲኬት ቢይዝም ወደ ማረፊያው መድረስ አይችልም። እነዚህን ሰዓታት በዘመድ ቤት ወይም በከተማው ማሳለፍ አስቀድሞ ይታሰብበት። በአዲስ አበባ ያለው ዘመድም ለመሸኘት ቢመጣ ያለ ቲኬት ወደ ሕንፃው ስለማይገባ፥ መሳሳሙና ልቅሶው በመኪና ማቆሚያው ያልቃል፤ ለዚያም ጊዜ መተው አለበት።

ስለ ስንቅ ጥቂት ቃል ይበቃል። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ አይገባም የሚለው ደንብ ከ1999 ዓ. ም. ወዲህ በብዙ አገሮች ተሠርቶበታል፤ በአፈጻጸሙም ማርና ቅቤ እንደ ፈሳሽ ይቈጠራሉ። የስሜን እናት ለልጅዋ ማርና ቅቤ ሳትይዝ አትሄድምና፥ ከቤት ሳይወጡ በደንብ ታሽጎ ወደሚጫነው ሻንጣ ይግባ፤ መድረሻውም አገር ማስገባት መፍቀዱ ይጠየቅ። አለዚያ የዓመቱ ማር በፍተሻው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ነጋዴ የቢዝነስ ማዕረግ ሲገዛ ዘወትር የሚያነሣው ምክንያት ላውንጁ ነው፤ ይህ ግን ከምክንያቶቹ ሁሉ የደከመው ነው። በሁለቱ ማዕረጎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በአንድ መስመር ይጻፍ፤ በሥሩም የቢዝነስ ቲኬት የሚፈቅደው ተጨማሪ የሻንጣ ክብደት፥ በትርፍ ጭነት ዋጋ ተሰልቶ ይጻፍ። በሌሊት ተኝቶ በማግሥቱ ወደ ገበያ መውጣት መቻሉ አንድ የሆቴል ቀን ካስቀረ እርሱም ይደመር። ነጋዴው ናሙና ተሸክሞ የሚመለስ ከሆነ ልዩነቱ የሚቀንስበት ጊዜ አለ፤ ባዶ እጁን የሚመለስ ከሆነ ግን በላውንጅ የተበላው ምግብ ይህን ልዩነት ከቶ አይሞላውም። እንዲያውም ለምሳሌው ነጋዴ ሁሉንም በተራ ማዕረግ አሳፍሮ፥ ከተረፈው ገንዘብ በአዲስ አበባ ለቤተ ሰቡ ሁሉ መኝታ ቢከራይ፥ አምስቱም በአንድነት ባረፉ ነበር።

በመዝገብ አጻጻፍ ረገድ የነጋዴው ቲኬት ዕቃ ለመግዛት የተደረገ ጉዞ መሆኑ በደረሰኝና በግዢ ሰነድ ሲረጋገጥ የሱቁ ወጪ ነው። የሚስቱና የልጆቹ ግን የተለየ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979/2008 የግል ባሕርይ ያለውን ወጪ ከግብር ከፋዩ ገቢ ተቀናሽ አድርጎ አይቀበልምና፥ አምስቱን ቲኬቶች በአንድ ደረሰኝ ማስቈረጥ በኋላ ከመርማሪ ጋር ያነታርካል። ሁለት ደረሰኝ ይጠየቅ። ሚስት የሱቁ ሠራተኛ ሆና በደመወዝ መዝገብ ከገባችና በጉዞው ሥራ ከሠራች የእርስዋ ቲኬት ከነማስረጃው ለብቻው ይታያል፤ የእናቱ ቲኬትና በበሩ ላይ የተከፈለ የማረፊያ ሒሳብ ካለ ግን በቤት ወጪ ዓምድ ይጻፋል።